በ16 ዓመቱ ራግቢ የጀመረው መሐንዲስ፦ የአንድ ፈረንሳዊ ፎርዋርድ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተመረጠ

አንድ ታዳጊ በስፖርት ተሰጥኦ እንዳለው ሲታወቅ ቤት ውስጥ የሚነሳው ክርክር የታወቀ ነው፤ ትምህርቱን ይያዝ ወይስ ስፖርቱን? ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚካሄደው ሁለቱ አብረው አይሄዱም በሚል እምነት ነው። ሌላም እምነት አለ፤ በሰባትና በስምንት ዓመቱ ያልጀመረ ልጅ ትልቅ ደረጃ አይደርስም የሚል። እዚህ የሚቀርበው ጉዳይ ሁለቱንም እምነቶች ያፈርሳል። የሚያፈርሰው ግን በተወሰኑ ሁኔታዎች ምክንያት ነው። ሁኔታዎቹን ሳይዙ ታሪኩን ብቻ ለልጅ መንገር ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ ዋጋው ያለው እነሱ ላይ ነው።

ባለጉዳዩ ፈረንሳዊ የራግቢ ዩኒየን ተጫዋች ነው። የጉዳይ ጥናት እንደሚጻፈው እሱንም ሌሎቹንም በስም አልጠራም፤ ራግቢ የሚከታተል ሰው ግን ብዙ ሳያነብ ይለየዋል። ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ በሙሉ እንደ ግሪጎርያን አቆጣጠር ናቸው።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ

በራግቢ ዩኒየን በአንድ ወገን 15 ሰው ይሰለፋል፤ ጨዋታው 80 ደቂቃ ነው። ከ15ቱ ስምንቱ ፎርዋርዶች ናቸው። ስክራም በሚባለው የመገፋፋት ትግል ተቆላልፈው የሚገፉት፣ መሬት ላይ በወደቀች ኳስ ዙሪያ የሚራኮቱት እነሱ ናቸው። ሰባቱ የኋላ ተሰላፊዎች ሲሆኑ ኳስ ይዞ መሮጥና በእግር መምታት በአብዛኛው የእነሱ ሥራ ነው። ኳስ የያዘን ተጋጣሚ ይዞ መጣል ታክል ይባላል። ኳሷን ከተጋጣሚ የግብ መስመር ማዶ መሬት ማስነካት ደግሞ ትራይ ነው፤ 5 ነጥብ ያስገኛል፣ ተከትሎ የሚመታው ምት ከገባ 2 ይጨመርበታል። ቅጣት ምት 3 ነጥብ ነው።

ባለጉዳያችን የተጫወተው ፍላንከር በሚባለው ቦታ ነው፤ ስድስት ወይም ሰባት ቁጥር ለባሽ ማለት ነው። ፍላንከር ከስክራሙ ጠርዝ ፈጥኖ ተላቆ የተጋጣሚን ኳስ ያዥ የሚጥል፣ ተነስቶ ቀጣዩን የሚያሳድድ ሰው ነው። ከሁሉም ቦታ በላይ ሳይታክቱ መደጋገምን የሚጠይቅ ሥራ ነው። ይህን መያዝ ያስፈልጋል፤ ወደኋላ እመለስበታለሁ።

መነሻ

ተጫዋቹ በ1981 በኮትዲቯር፣ አቢጃን ከተማ ተወለደ፤ እናቱ አይቮሪያዊት፣ አባቱ ፈረንሳዊ ናቸው። የ10 ዓመት ልጅ ሳለ ቤተሰቡ ወደ ደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ወደ ፔሪጎ አካባቢ ሄደ። ያ የአገሪቱ ክፍል ራግቢ ከእግር ኳስ እኩል፣ በብዙ መንደሮችም ከዚያ በላይ የሚወደድበት ነው። እሱ ግን መጀመሪያ የያዘው ጁዶ ነበር። ወደ ራግቢ የመጣው በ16 ዓመቱ ነው፤ አብረውት ይለማመዱ የነበሩ ብዙ ልጆች በዚያ ዕድሜ አሥር ዓመት ያህል ኳሷን ሲጨብጡ ኖረዋል።

ቀጥሎ ቦርዶ ገባ። እዚያ ሁለት ነገር በአንድ ላይ ጀመረ፤ በከተማው የኬሚስትሪና ፊዚክስ ከፍተኛ የምሕንድስና ትምህርት ቤት ተማሪ ሆነ፣ ለቦርዶ ቤግል ክለብም መጫወት ያዘ። በፈረንሳይ እነዚህ የምሕንድስና ትምህርት ቤቶች በጥብቅ ውድድር የሚገባባቸው ናቸው፤ ስፖርተኛ ነው ተብሎ በልግስና የሚሰጥ ወንበር የለም።

ችግሩ

ችግሩ ሦስት ፊት ነበረው።

የመጀመሪያው ጊዜ ነው። በቀን ሁለት ጊዜ ልምምድ በሚያደርግ ሙያተኛ ክለብ ውስጥ ቤተ ሙከራ ያለበትን ትምህርት መከታተል ቀላል አይደለም።

ሁለተኛው የክለቦቹ ሁኔታ ነበር። በፈረንሳይ የክለቦችን ሒሳብ የሚመረምር አካል አለ፤ በጀቱን ማሳመን ያልቻለ ክለብ በሜዳ ያገኘው ውጤት ምንም ይሁን ምን ወደ ታችኛው ሊግ ሊወርድ ይችላል። በ2003 የቦርዶ ክለብ በገንዘብ ችግር የደረሰበት ይኸው ነው። ተጫዋቹ በቱሉዝ ዳርቻ ወዳለው ኮሎሚዬ ተዛወረ፤ ኮሎሚዬም በውድድር ዓመቱ መጨረሻ ከከፍተኛው ሊግ ወረደ። በ22 ዓመቱ፣ በሁለት ተከታታይ ዓመታት፣ ሁለት ክለብ ከእግሩ ሥር ፈረሰበት ማለት ይቻላል። የብዙ ወጣት ሙያ የሚያበቃው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው፤ የመጫወት አቅሙ ጠፍቶ ሳይሆን ሰው በማያየው ሊግ ውስጥ ስለሚቀር።

ሦስተኛው ወረፋ ነው። በ2004 ቢያሪትዝ ሲወስደው ክለቡ ፍላንከሮች በሚሰለፉበት በኋለኛው የፎርዋርዶች መስመር ላይ ቢያንስ ሦስት የብሔራዊ ቡድን ተጫዋቾች ነበሩት። ያለ እነሱ ጉዳትና ዕረፍት በትልቅ ጨዋታ የሚሰለፍበት መንገድ ጠባብ ነበር።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ትምህርቱን አላቋረጠም። ክለብ ቢቀይርም ከተማ ቢቀይርም ይዞት ቆይቶ የመሐንዲስነት ዲፕሎማውን ወሰደ። ይህን ከብርታት ብቻ ማየት ስህተት ይመስለኛል። ዲፕሎማው የመደራደር አቅም ነበር፤ ክለቡ ሲወርድ የተገኘውን ውል ሁሉ ለመፈረም የሚያስገድድ የኑሮ ጭንቀት የለበትም ማለት ነው። ከኮሎሚዬ በኋላ የመረጠው ቢያሪትዝ ጥሩ ደመወዝና የተረጋገጠ ቦታ ከሚሰጥ መካከለኛ ክለብ ይልቅ ከባድ ፉክክር ያለበት ቤት ነበር። ምርጫው ፍሬ አፈራ፤ ክለቡ በ2005 እና በ2006 የፈረንሳይ ሻምፒዮን ሆነ። በሰኔ 2006 ከሩማኒያ ጋር በተደረገ ጨዋታ ለብሔራዊ ቡድኑ የመጀመሪያውን ማልያ ለበሰ። በዚያው ዓመት የፈረንሳይ ራግቢ ትልቁ ቤት ወደሆነው ቱሉዝ ሄደ፤ እስከ መጨረሻውም ከዚያ አልወጣም።

በጨዋታው በኩል ያደረገው ምርጫ ደግሞ ግልጽ ነው። በልጅነት ያልተገኘ የኳስ አያያዝ በ20 ዓመት ዕድሜ ሙሉ በሙሉ አይካካስም። እሱ የሠራው ሊካካስ በሚችለው ላይ ነው፤ በታክል ላይ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ88፣ ክብደቱ 100 ኪሎ ያህል ነበር፤ ለፎርዋርድ ግዙፍ የሚባል አካል አይደለም። ዝቅ ብሎ ይገባል፣ በትከሻው ከጭን ሥር ይመታል፣ በሁለት እጁ እግሮቹን አንድ ላይ ያስራል፣ ሰውየው ገና ሳይወድቅ ለመነሳት ተዘጋጅቷል። ጁዶ ያስተማረው ነገር እዚህ ላይ ይታያል ብል የራሴ ግምት ነው፤ ከራስ የሚከብድን ሰው በጉልበት ሳይሆን ሚዛኑን ነጥቆ መጣል።

የተፈተነበት ቀን

በ2007 የዓለም ዋንጫ በፈረንሳይ ሲዘጋጅ መጀመሪያ ከተመረጡት 30 ተጫዋቾች ውስጥ እሱ አልነበረም። ከተመረጡት አንዱ ተጎድቶ ሲቀር ተጠራ።

ፈረንሳይ የመክፈቻውን ጨዋታ በራሷ ሜዳ በአርጀንቲና 17 ለ 12 ተሸነፈች። በዚህ ምክንያት ምድቧን ሁለተኛ ሆና ጨርሳ፣ አዘጋጅ አገር ሆና ሳለ ሩብ ፍጻሜውን ለመጫወት ወደ ዌልስ፣ ካርዲፍ መሄድ ግድ ሆነባት። ተጋጣሚዋ ኒውዚላንድ፣ ዋንጫውን ትወስዳለች ተብላ የምትጠበቀው ቡድን ነበረች።

ጥቅምት 6 ቀን 2007 የሆነው በዝርዝር መታየት አለበት። ጨዋታው በተጀመረ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ የፈረንሳይ ሌላው ፍላንከር ጭንቅላቱን ተመትቶ ወጣ። የመጀመሪያው አጋማሽ ኒውዚላንድ 13 ለ 3 እየመራች አለቀ። ኳሷ ያለማቋረጥ በኒውዚላንዶች እጅ ነበረች፤ ፈረንሳዮች የቀራቸው መጣል፣ መነሳት፣ እንደገና መጣል ብቻ ነው። በሁለተኛው አጋማሽ አንድ ኒውዚላንዳዊ በቢጫ ካርድ ለ10 ደቂቃ ከሜዳ ወጥቶ ሳለ በ54ኛው ደቂቃ ባለጉዳያችን ራሱ ትራይ አስቆጠረ፤ ምቱም ገባ፣ 13 እኩል። ኒውዚላንድ እንደገና 18 ለ 13 መራች። በመጨረሻ ፈረንሳይ ሌላ ትራይ አግኝታ 20 ለ 18 አሸነፈች። ለዚያ ትራይ መነሻ የሆነችው ኳስ ወደፊት ተወርውራለች የሚለው ቅሬታ በኒውዚላንድ እስካሁን አልበረደም። ራግቢ ላይ ኳስ በእጅ ወደፊት መወርወር ክልክል ነውና ቅሬታው መሠረት አለው፤ ምስሉን ያየ ሰው በቀላሉ አይከራከርም።

ከዚያ ቀን በስፋት የሚጠቀሰው ቁጥር ግን ሌላ ነው። ባለጉዳያችን ብቻውን 38 ታክል አደረገ። ኒውዚላንዶች በሙሉ አንድ ላይ ያደረጉት 36 ነው።

በመጀመሪያው ዝርዝር ያልነበረ ሰው በአንድ ቀን እንዲህ ሲገን ብዙዎች ዕድል ይሉታል። ዕድል የሆነው የሌላው ሰው ጉዳት ነው። በ70ኛው ደቂቃ ላይ እንደ አሥረኛው ደቂቃ ጎንበስ ብሎ መግባት ግን በዕድል የሚገኝ አይደለም፤ የደከመ ተጫዋች መጀመሪያ የሚያጎድለው ዝቅ ማለትን ነው፣ ቆሞ በእጁ መያዝ ይጀምራል። በሳምንቱ ፈረንሳይ በግማሽ ፍጻሜ በእንግሊዝ 14 ለ 9 ተሸንፋ ወጣች። ያ ድል ዋንጫ አላመጣም፤ ለእሱ ግን ቋሚ ቦታ አመጣለት።

አምበልነት፦ የሠራው

በሰኔ 2009 ፈረንሳይ ወደ ኒውዚላንድ ስትሄድ አምበል ሆኖ መራት፤ ደነዲን ላይ 27 ለ 22 አሸነፉ። ቀጣዩ ዓመት የሙያው ከፍተኛ ወቅት ነበር። በመጋቢት ፈረንሳይ ስድስት የአውሮፓ ብሔራዊ ቡድኖች በየዓመቱ በሚጋጠሙበት በስድስቱ ሀገራት ውድድር አምስቱንም ጨዋታ አሸነፈች፣ የመጨረሻውን እንግሊዝ ላይ 12 ለ 10። በግንቦት ቱሉዝ የቀድሞ ክለቡን ቢያሪትዝን 21 ለ 19 ረትቶ የአውሮፓን ዋንጫ ወሰደ። ከቱሉዝ ጋር በ2008፣ 2011 እና 2012 የአገሩንም ሻምፒዮንነት አግኝቷል።

የሚታወቀው በዝምታው ነው። ሜዳ ላይ የሚጮህ፣ በመልበሻ ክፍል ረጅም ንግግር የሚያደርግ አምበል አልነበረም። ይህ ዓይነት አመራር እንደሚሠራ የታየው በ2011 የዓለም ዋንጫ ነው። ውድድሩ ለፈረንሳይ የተመሰቃቀለ ነበር። በምድቡ በኒውዚላንድ 37 ለ 17፣ በቶንጋ ደግሞ 19 ለ 14 ተሸነፉ፤ ቶንጋ ማለት ሕዝቧ ከአንድ የፈረንሳይ መካከለኛ ከተማ የማይበልጥ የደሴት አገር ናት። አሰልጣኙና ተጫዋቾቹ የተቃቃሩት በጋዜጠኛ ፊት ነው። ቡድኑ እንደዚያም ሆኖ እንግሊዝን 19 ለ 12፣ ዌልስን 9 ለ 8 አሸንፎ ለፍጻሜ ደረሰ። የዌልሱ ጨዋታ የሚያኮራ አልነበረም፤ ዌልሶች አምበላቸው በቀይ ካርድ ወጥቶባቸው አብዛኛውን ጊዜ በ14 ሰው ነው የተጫወቱት።

ፍጻሜው ጥቅምት 23 ቀን 2011 በኦክላንድ ነበር። ኒውዚላንዶች ሀካ የሚባለውን የማስፈራሪያ ጭፈራቸውን ሲያሳዩ ነጭ የለበሱት ፈረንሳዮች እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ እሱን በጫፉ አድርገው እንደ ቀስት ራስ ተሰለፉ፤ ከዚያ ወደፊት መራመድ ጀመሩ። የሜዳውን መሀል መስመር በማለፋቸው በኋላ 2,500 ፓውንድ ተቀጥተዋል። ለእንዲህ ያለ ነገር 2,500 ፓውንድ ርካሽ ነው።

በ47ኛው ደቂቃ ትራይ ያስቆጠረው እሱ ነው፤ ፈረንሳይ በዚያ ቀን ያገኘችው ትራይ እሱ ብቻ ነበር። ውጤቱ ለኒውዚላንድ 8 ለ 7 ሆኖ ቀረ፤ በ65ኛው ደቂቃ አካባቢ ከሩቅ የተመታ የፈረንሳይ ቅጣት ምት ሳይገባ ቀርቷል። የጨዋታው ኮከብ ተብሎ የተመረጠው ከተሸናፊው ቡድን፣ እሱ ነበር። በማግስቱም የዓመቱ የዓለም ምርጥ ተጫዋች ተባለ፤ ለፈረንሳዊ ሁለተኛው ነበር።

ያልሠራው

ከ2011 በኋላ ያለው ክፍል በሽልማት ታሪኮች ውስጥ ስለሚዘለል እዚህ ልቆይበት።

በእርግጥ ስንጥቁ ቀድሞ ይታይ ነበር። አምስቱን በአምስት ባሸነፉበት በ2010 ኅዳር ወር ፓሪስ ላይ በአውስትራሊያ 59 ለ 16 ተደቁሰዋል። በመጋቢት 2011 ሮም ላይ በጣሊያን 22 ለ 21 ተሸንፈዋል። ከዓለም ዋንጫው ፍጻሜ በኋላ ደግሞ ፈረንሳይ በስድስቱ ሀገራት ውድድር በ2012 አራተኛ፣ በ2013 መጨረሻ፣ በ2014 እና በ2015 አራተኛ ሆነች። እሱ ራሱ በእነዚህ ዓመታት በጉዳት በተደጋጋሚ ቀርቷል፤ በ2014ቱ ውድድር አልተሰለፈም። በጥቅምት 2015 የዓለም ዋንጫው ሩብ ፍጻሜ ካርዲፍ ላይ ከኒውዚላንድ ጋር ሆነ፤ 62 ለ 13 ተሸነፉ። ለብሔራዊ ቡድን የተጫወተው የመጨረሻው፣ 80ኛው ጨዋታ ይህ ነበር። ከ80ው 56ቱን የመራው አምበል ሆኖ ነው፤ ከእሱ በፊት ለፈረንሳይ ይህን ያህል የመራ አልነበረም።

አንድ አምበል ሊለውጠው የማይችለው ነገር ነበር። የፈረንሳይ ተጫዋቾች ቀጣሪ ክለባቸው ነው። ቶፕ 14 የሚባለው የፈረንሳይ ከፍተኛ ሊግ በመደበኛው ክፍል ብቻ 26 ዙር አለው፤ የአውሮፓው ውድድር ሲጨመርበት ተጫዋቹ ብሔራዊ ቡድን የሚደርሰው ደክሞና ጥቂት የመዘጋጃ ቀን ቀርቶት ነው። የኒውዚላንድና የአየርላንድ ፌዴሬሽኖች ዋና ተጫዋቾቻቸውን ራሳቸው ስለሚቀጥሩ መቼ እንደሚያርፉ ይወስናሉ። በፈረንሳይ ክለቡ ከፍሎበታልና ያሰልፈዋል። ሰውየው በአርአያነት የሚመራ ነበር፤ አርአያነት ደግሞ የደከመን አካል አያሳርፍም፣ የጨዋታ ስልት የሌለውን ቡድን ስልት አያስይዝም።

ክለቡም ላይ ተመሳሳይ ነገር ደረሰ። ለረጅም ዓመታት የመራው አሰልጣኝ በ2015 ወደ ብሔራዊ ቡድን ሄደ። ተጫዋቹ ጫማውን በሰቀለበት የ2016–17 የውድድር ዓመት ቱሉዝ ከ14 ክለቦች 12ኛ ሆኖ ጨረሰ።

ወደ ሌላ ቦታ የሚወሰደው

የዘገየ አጀማመር የሠራው ቦታው ፍላንከር ስለሆነ ነው። ጨዋታውን በእግርና በቅብብል የሚያቀናብረው አሥር ቁጥር ቢሆን ኖሮ በ16 ዓመት መጀመር እዚህ ደረጃ ያደርሰው ነበር ብዬ አላምንም፤ ያ ቦታ በልጅነት ብቻ የሚቀረጽ የእጅና የዓይን ልምድ ይጠይቃል። በየትኛውም ስፖርት ዘግይቶ የመጣን ልጅ የተቀበለ አሰልጣኝ መጀመሪያ የሚጠይቀው ልጁ ጎበዝ ነው ወይ ብሎ መሆን የለበትም። ከየትኛው ስፖርት መጣ፣ ይዞት የመጣው ነገር የቱ ቦታ ላይ ይጠቅማል ነው ጥያቄው። ጁዶ፣ ትግል ወይም ሌላ የመጣል ስፖርት ለታክል ሥራ ቀጥተኛ ስንቅ ነው።

ትምህርቱን በተመለከተ ጉዳዩ የሚያሳየው ከተለመደው ምክር ትንሽ ይለያል። ተማር፣ ስፖርት ቢከሽፍ መጠባበቂያ ይሆንሃል ይባላል። እዚህ ዲፕሎማው የጠቀመው ስፖርቱ ሳይከሽፍ ነው፤ ክለቦቹ በወረዱባቸው ዓመታት ሳይቸኩል እንዲመርጥ አስችሎታል። በአንጻሩ ሁሉም ክለብና ሁሉም ትምህርት ቤት ለዚህ አይመችም። ቦርዶ ውስጥ ትምህርት ቤቱና ክለቡ በአንድ ከተማ መሆናቸው ግማሹን ችግር ፈትቷል። ልጃቸውን ለሁለቱም የሚያዘጋጁ ወላጆች ከክለቡ ስም በፊት ርቀቱንና የልምምድ ሰዓቱን ቢጠይቁ ይሻላል።

ስለ ዝምተኛ አምበል ደግሞ፦ የሚሠራው የሚያደርገው ነገር በሁሉም ዓይን ሲታይና ሲቆጠር ነው። 38 ታክል ያደረገ ሰው መናገር አያስፈልገውም። ነገር ግን በጉዳት በቀረባቸው ወራት የሚቆጠር ነገር አልነበረውም። ጸጥ ያለ ሰው ለአምበልነት የሚመርጥ አሰልጣኝ ከጎኑ ተናጋሪ ምክትል ከመጀመሪያው ቀን ማስቀመጥ፣ ከዳኛ ጋር የሚነጋገረውና በመልበሻ ክፍል የሚያረጋጋው ማን እንደሆነ ለይቶ መንገር አለበት።